ጥገና ወይስ ለውጥ፦ ብዙ ኪሎ ሜትር የሮጠ አሮጌ መኪና በአዲስ አበባ ገበያ ያለው የኢኮኖሚ ዕድሜ

መግቢያ

ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሞተሩ ዘይት መብላት የጀመረ ቶዮታ ኮሮላ ጋራዥ ገብቷል እንበል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከዘይት መሙያው አፍ የሚወጣውን ጭስ ተመልክቶ «ሞተሩ መውረድ አለበት» ይላል። ባለቤቱ ዋጋውን ከሰማ በኋላ ለራሱ ሌላ ጥያቄ ያቀርባል፤ ይህን ሁሉ ብር ከማወጣ ሸጬው ሌላ ብገዛስ? ጥያቄው በአዲስ አበባ በየቀኑ በየጋራዡ ደጃፍ ይነሣል። ለአንድ ቤተሰብ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ትልቁን ሀብት የሚነካ፣ በመኪናው ለሚተዳደር ሰው ደግሞ የዕለት ገቢውን የሚወስን ሆኖ ሳለ ምላሹ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በግምት ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የሚቀርበው መከራከሪያ አንድ ነው። ከውጭ ገበያ የተወረሰው «የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ካለፈ ለውጠው» የሚለው ደንብ ለአዲስ አበባ ገበያ አይሠራም። የማይሠራውም ቁጥሩ ትንሽ ስለተዛባ ሳይሆን፣ የሚያነጻጽረው ነገር ራሱ የተሳሳተ ስለሆነ ነው። መነጻጸር ያለበት የጥገና ወጪና የመኪና ዋጋ ሳይሆን፣ አሮጌውን ይዞ መቆየት በዓመት የሚያስከፍለውና የሚተካው መኪና በዓመት የሚያስከፍለው ነው።

የግማሽ ዋጋ ደንብ ከየት መጣ፣ የት ይሰናከላል

ደንቡ የተለመደው መኪና በፍጥነት በሚረክስባቸው አገሮች ነው። በሰሜን አሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናን ወለልና ሻንሲ ይበላል፤ የሠራተኛ ዋጋም ውድ ነው። ስለዚህ ሃያ ዓመት የሞላው መኪና ዋጋው ከአንድ ካምቢዮ ጥገና ሊያንስ ይችላል። በዚያ ሁኔታ ደንቡ ቶሎ «ጣለው» ይላል፤ ምንም እንኳ መኪናው ተጠግኖ ለሦስትና ለአራት ዓመት በርካሽ ሊያገለግል ቢችልም።

በአዲስ አበባ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መንገዱ ጨው አያውቅም፤ ላሜራው ዕድሜ አለው፤ የመካኒክ ጉልበት ከመኪና ዋጋ አንጻር ርካሽ ነው፤ የተፈታ ዕቃም ከሶማሌ ተራ ይገኛል። ከሁሉም በላይ የአሮጌው መኪና ዋጋ ከፍተኛ ስለሆነ የትኛውም ጥገና ግማሹን አይደርስም። በመሆኑም ደንቡ ለዘለዓለም «ጠግን» ይላል። አንድ ቦታ ሁልጊዜ ጣል፣ ሌላ ቦታ ሁልጊዜ ጠግን የሚል መመዘኛ የሚለካው የመኪናውን ጤንነት ሳይሆን የገበያውን ጠባይ ነው።

ንድፈ ሐሳባዊ መነሻ

ሃሮልድ ሆቴሊንግ በ1925 እ.ኤ.አ. ስለ እርጅና ቅናሽ ባሳተመው የሒሳብ ጽሑፍ፣ የአንድ መሣሪያ ዋጋ ከዕድሜው ሳይሆን ወደፊት ከሚሰጠው አገልግሎት እንደሚመነጭ አሳየ። ጆርጅ ተርቦርግ በ1949 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉ ሐሳቡን ወደ ፋብሪካ ውሳኔ አምጥቶ፣ በሥራ ላይ ያለውን መሣሪያ «ተከላካይ»፣ ሊተካው የሚመጣውን «ተገዳዳሪ» አድርጎ አቀረበ። በዚህ አቀራረብ ተከላካዩ ብቻውን አይመዘንም፤ ፍርዱ የሚሰጠው ከተገዳዳሪው ጋር ሲሰለፍ ነው። ከዚሁ ጋር ቀድሞ የወጣ ወጪ ከሒሳቡ ይወጣል። ባለቤቱ አምና ለፍሪሲዮን ያወጣው ገንዘብ የፈሰሰ ውሃ ነው፤ «ይህን ሁሉ አውጥቼበት እንዴት እሸጠዋለሁ» የሚለው ክርክር ስሜት እንጂ ሒሳብ የለውም። በአንጻሩ ዛሬ ቢሸጥ የሚያስገኘው ገንዘብ፣ ከኪስ ባይወጣም እንኳ፣ ይዞ የመቆየት እውነተኛ ወጪ ነው።

በተግባር ሲታይ ደግሞ የጆን ረስት ጥናት አለ። ረስት በ1987 እ.ኤ.አ. በኤኮኖሜትሪካ ባሳተመው ጽሑፍ፣ በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ የአውቶቡስ ድርጅት የጥገና ኃላፊ የነበሩት ሃሮልድ ዘርቸር የአውቶቡስ ሞተር የሚለውጡበትን ጊዜ እንዴት እንደሚወስኑ መረመረ። መረጃው አሥር ዓመት ገደማ የሚሸፍን የወር በወር ኪሎ ሜትርና የሞተር ለውጥ መዝገብ ነበር። ጥናቱ ስለ አንድ ጠንቃቃ የጥገና ኃላፊ ብዙ ይናገራል፤ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ውሳኔው ዛሬ ባለው ብልሽት ሳይሆን፣ ዛሬ ባለመለወጥ ነገ በሚመጣው የመበላሸት ዕድልና ወጪ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ሲቆም የሚጠፋው ገቢና አመኔታ በሒሳቡ ውስጥ ነበር።

የአሮጌ መኪና ዋጋ ለምን አይወርድም

የኢትዮጵያ የመኪና ገበያ አቅርቦቱ በግብርና በውጭ ምንዛሪ የታጠረ ነው። የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይስ ታክስ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ ተደራርበው የአንድን መኪና መግቢያ ዋጋ ያበዙታል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ግብር እንደ ዕድሜያቸው አክብዶታል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ በአጭር ጊዜ በእጅጉ ወረደ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ዋጋው አብሮ ናረ።

የእነዚህ ሁሉ ድምር ውጤት፣ አገር ውስጥ የገባ አሮጌ መኪና ከመገልገያነቱ በላይ የሀብት ማቆያ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ከዓመታት በፊት በ300,000 ብር የተገዛ መኪና ዛሬ 900,000 ብር ቢያወጣ «መኪናዬ አተረፈኝ» ይባላል። ሆኖም ባለቤቱ ሸጦ የሚገዛው ሌላ መኪናም በዚያው መጠን ከተወደደ ያገኘው ትርፍ የለም፤ የብሩ መለኪያ አጠረ እንጂ መኪናው አላደገም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ስሌት በሙሉ ከዋጋ ግሽበት በጠራ፣ ማለትም በአንድ ዓመት የመግዛት አቅም በተለካ ብር የተሠራ ነው።

አንድ ምሳሌ

የሚከተሉት ቁጥሮች የስሌቱን አካሄድ ለማሳየት የተመረጡ ግምቶች እንጂ ከገበያ የተሰበሰቡ መረጃዎች አይደሉም፤ አንባቢ የራሱን ቁጥሮች ሊተካባቸው ይችላል። አንድ ባለመኪና መኪናውን ለኪራይ አገልግሎት ያሠራል። መኪናው ባለበት ሁኔታ 800,000 ብር ያወጣል። ሞተሩን ማደስ 150,000 ብር ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሊያሠራው አስቧል፤ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ በ780,000 ብር እንደሚሸጠው ይገምታል። መደበኛ ጥገና በዓመት 60,000 ብር ያስወጣዋል። በዓመት 20 ቀን ጋራዥ ይቆማል፤ በቆመበት ቀን 1,500 ብር የተጣራ ገቢ ያጣል። ከግሽበት የጠራ ወለድ 5 በመቶ ይሁን።

መኪናውን ቢይዝ የታሰረው ካፒታል 800,000 እና 150,000፣ በድምሩ 950,000 ብር ነው። እስከ 780,000 የሚወርደው ልዩነት ለሦስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 56,700 ብር ያህል ይሆናል። በመካከለኛው ካፒታል፣ በ865,000 ብር ላይ የሚታሰበው ወለድ 43,250 ብር ነው። ጥገናው 60,000፣ የቆመበት ቀን ኪሳራ 30,000 ሲጨመር ዓመታዊ ወጪው ወደ 190,000 ብር ይደርሳል።

ተገዳዳሪው 1,700,000 ብር የሚያወጣ፣ ዕድሜው ያነሰ ያገለገለ መኪና ነው። ለደላላና ለስም ዝውውር 60,000 ብር፣ ከገዛ በኋላ ለሚገለጡ ጉድለቶች 80,000 ብር ሲታከል ካፒታሉ 1,840,000 ብር ይሆናል። ከሦስት ዓመት በኋላ 1,480,000 ብር ያወጣል ብንል የዋጋ መውረዱ በዓመት 120,000፣ ወለዱ 83,000 ብር ነው። ጥገናው 30,000፣ አሥር የሥራ ቀን መቆም 15,000፤ ከዚህ ላይ በነዳጅ የሚቆጥበው 20,000 ብር ሲቀነስ ዓመታዊ ወጪው 228,000 ብር ነው። ጥገናው በዓመት በ38,000 ብር ይረክሳል።

እስከዚህ ድረስ የግማሽ ዋጋ ደንቡም ተመሳሳይ መልስ ይሰጥ ነበር፤ 150,000 ከ800,000 ውስጥ 19 በመቶ ብቻ ነውና። አሁን ግን ሞተሩ ሲወርድ ሻንሲው የተሰነጠቀና ወለሉ የተበላ ሆኖ ተገኘ፤ የላሜራና የብየዳ ሥራው ተጨማሪ 120,000 ብር ጠየቀ፤ የመሸጫ ዋጋውን ግን ምንም አይጨምርለትም እንበል። ካፒታሉ 1,070,000 ይሆናል፤ የዓመቱ ወጪም ወደ 233,000 ብር ያድጋል። ፍርዱ ተገለበጠ። የግማሽ ዋጋ ደንቡ ግን አሁንም 34 በመቶ ላይ ነውና «ጠግን» እንዳለ ነው።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቆመበት ቀን ነው። ሻንሲው ደኅና ሆኖ፣ መለዋወጫ እየጠፋ መኪናው በዓመት 20 ሳይሆን 50 ቀን ቢቆም፣ ወጪው በ45,000 ብር አድጎ 235,000 ይደርሳል፤ ይህም ብቻውን ፍርዱን ይገለብጣል። በሌላ በኩል ያው መኪና በደመወዝ በሚተዳደር ሰው እጅ ቢሆን፣ የቆመበት ቀን የሚያስከፍለው ምናልባት የ300 ብር ትራንስፖርት ነው። በዚህ ሰው ስሌት መጠገኑ 166,000፣ መለወጡ 216,000 ብር ይሆናል፤ የሻንሲው ሥራ ቢጨመርበት እንኳ 209,000 ብር ስለሚያስወጣው ጥገናው በጥቂቱም ቢሆን ይሻለዋል። አንድ መኪና፣ አንድ ብልሽት፣ ሁለት ባለቤት፣ ሁለት ትክክለኛ ውሳኔ። ለዚህ ነው መካኒኩ ብቻውን «ይጠገን» ወይም «ይሸጥ» ብሎ ሊፈርድ የማይችለው።

የሚታወቀው ብልሽትና የማይታወቀው

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመውና በኋላ በ2001 እ.ኤ.አ. ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች አንዱ በሆነው ጽሑፉ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ደኅነኛው መኪና እንኳ በአማካይ ጥርጣሬ ዋጋ እንደሚሸጥ አስረዳ። ምሳሌው ራሱ ያገለገለ መኪና ስለነበር ለእኛ ጉዳይ ሳይተረጎም ይሠራል።

ባለቤቱ የራሱን መኪና ነውር ያውቃል። የትኛው ኩሽኔታ እንደሚጮኽ፣ ቴስታታው መቼ እንደተከፈተ፣ ጓርኒሲዮኑ የመጀመሪያ ይሁን የተተካ ያውቃል። ስለሚገዛው መኪና ግን የሚያውቀው የታጠበ ሞተር፣ አዲስ ቀለምና የተመለሰ ሊሆን የሚችል የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ባለው መኪና ላይ የቆጣሪው ንባብ ከጌጥነት የማይዘል ምስክር ነው ማለት ይቻላል፤ የጥገና ደረሰኝና የፔዳል ጎማ መበላት ይበልጥ ይናገራሉ። በምሳሌያችን ለተሰወረ ጉድለት የተያዘው 80,000 ብር ወደ 160,000 ቢያድግ የተገዳዳሪው ዓመታዊ ወጪ ወደ 257,000 ብር ይወጣል። ይህ ማለት የሻንሲውን ሥራ ጨምሮ መጠገን እንደገና አሸናፊ ይሆናል።

ነገሩ በሻጭ በኩልም ይሠራል። መኪናውን በደንብ የያዘ ሰው የጥንቃቄውን ዋጋ ከገበያ አያገኝም፤ ገዢው አያምነውምና። ስለዚህ በደንብ የተያዘ አሮጌ መኪና ከገበያ ይልቅ ለባለቤቱ የበለጠ ዋጋ አለው። ያልተያዘው ደግሞ ከገበያ የሚያገኘው ዋጋ ከሚገባው ይበልጣል፤ ወደ ደላላ የሚሮጠውም በአመዛኙ እርሱ ነው።

ከውሳኔ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ከላይ ያለው ስሌት ሁሉ የተንጠለጠለው «ሞተሩ ይውረድ» የሚለው ፍርድ ትክክል በመሆኑ ላይ ነው። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ከፍታ የራሱ ወጥመድ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ሞተርም የሲሊንደር ግፊቱ ሲለካ የአምራቹ መጽሐፍ ከሚለው በታች ያሳያል። መጽሐፉን ብቻ አይቶ «ሞተሩ ደክሟል» የሚል መካኒክ ጤነኛ ሞተር ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ንባብ በመጀመሪያ ከጎረቤቱ ሲሊንደር ጋር ይነጻጸር።

ንባቡ ዝቅ ያለበት ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎበት እንደገና ይለካል። ግፊቱ ከጨመረ የተበሉት የፒስተን ቀለበቶች ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ናቸው፤ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ካልጨመረ ግን ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹ ወይም ወደ ጓርኒሲዮኑ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ቴስታታውን ብቻ አንሥቶ መሥራት ይበቃል፤ ወጪውም ከሙሉ እድሳት በብዙ ያንሳል። ጭሱም ይመሰክራል። መኪናው አድሮ ጠዋት ሲነሣ ብቻ የሚታይና ቶሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ ማርጀት ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥ የሚከተል ሰማያዊ ጭስ ቀለበቶቹን ያመለክታል፤ የማይቋረጥ ነጭ ጭስ ከራዲያተር ውኃ መጉደል ጋር ሲሆን ጓርኒሲዮኑን ያስጠረጥራል። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ምርመራ የ150,000 ብሩን ጥያቄ የጥቂት ሺህ ብር ጥያቄ ሊያደርገው ይችላል።

ፍሬን፣ መሪና ሻንሲ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ እንደ ዋጋ መግባት የለባቸውም። እነርሱ መግቢያ በር ናቸው፤ መኪናው በአስተማማኝ ሁኔታ የማይቆምና የማይታዘዝ ከሆነ የዓመቱ ወጪ አነሰም በዛ ለውድድር አይቀርብም። ለሞተር እድሳት የተበደረ ባለመኪና የፍሬን ሸራውን ለሚቀጥለው ወር ማስተላለፉ የተለመደ ነው፤ ሞተር መኪናውን ያስኬዳል፣ ፍሬን ግን ሰው ያድናል። ለቦሎ የሚደረገውን ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍም የዚህ በር ዝቅተኛው ደፍ እንጂ ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፤ በስቱኮና በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ ከላይ አይታይምና።

ተገዳዳሪው የኤሌክትሪክ መኪና ሲሆን

ከ2016 ዓ.ም. ውሳኔ በኋላ ከውጭ የሚገባው ተገዳዳሪ የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። በስሌቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በሁለት ቦታ ይታያል። አንደኛው የኪሎ ሜትር ወጪ ነው። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮንና ማርሚታ የሉትም፤ በነዳጅ ፈንታ የሚከፍለው ለመብራት ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ በመምጣቱ ይህ ልዩነት ሰፍቷል። ቁጠባው ከተነዳው ኪሎ ሜትር ጋር ስለሚያድግ፣ በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ሰው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ከሚነዳው አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ሊያገኝበት ይችላል። ሁለተኛው የመጨረሻ ዋጋ ነው። የባትሪው ቀሪ አቅም ሳይለካ የሚገዛ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የአከርሎፍን ችግር በአንድ ውድ ዕቃ ላይ ሰብስቦ ያመጣል፤ ገዢው ከመክፈሉ በፊት የባትሪውን ጤንነት በመመርመሪያ መሣሪያ ማስነበብ ይኖርበታል።

ስለዚህ ብዙ የሚነዳ ሰው ቤንዚን መኪናውን በሌላ ቤንዚን መኪና ከመተካት ይልቅ ሊያነጻጽረው የሚገባው ከኤሌክትሪኩ ጋር ነው። ጥቂት የሚነዳው ግን የቁጠባው መጠን ወለዱንም ስለማይሸፍን አሮጌውን ጠግኖ መያዙ በአብዛኛው ያዋጣዋል። ሁኔታው ለፖሊሲ አስገራሚ ውጤት አለው፤ የኤሌክትሪክ መኪናውን በቅድሚያ መግዛት የሚችለው ብዙ ጊዜ ጥቂት የሚነዳው ባለ ደመወዝ ወይም ነጋዴ ነው፣ ብዙ የሚቆጥብበት የታክሲ ሹፌር ደግሞ መነሻ ካፒታሉ የለውም።

ለመመረቂያ ጥናት የሚሆን መረጃ

የዘርቸርን መዝገብ የሚመስል መረጃ በአዲስ አበባ ለማሰባሰብ ትልቅ ድርጅት አያስፈልግም። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሠላሳ ፈቃደኛ ሹፌሮችን ይዞ ለእያንዳንዳቸው አንድ ደብተር ቢሰጥ፣ በየወሩ የቆጣሪ ንባብ፣ የተለወጠ ዕቃና ዋጋው፣ ጋራዥ የቆየበት ቀን፣ እንዲሁም ለመኪናው በገበያ የተሰጠው ዋጋ ቢመዘገብ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የመቆም ዕድል ከኪሎ ሜትር ጋር እንዴት እንደሚያድግ መገመት ይቻላል። ከአራቱ ዓምዶች በጥንቃቄ መያዝ ያለበት የቆመበት ቀን ነው፤ ለዕቃ የተከፈለው ደረሰኝ አለው፣ ያልተሠራበት ቀን ግን ካልተጻፈ በማግስቱ ይረሳል። የቆጣሪው ገመድ የተበጠሰባቸው መኪኖችም አሉ፤ ለእነርሱ የነዳጅ ቅጂ መጠን በወር ተደምሮ ኪሎ ሜትሩ ከዚያ ይሰላል።